የጁሀራ የትውልድ ቦታ

ጁሀራ ባሌ ሮቤ ገበያ ሽርጥና ሻሽ ስትሸጥ ሃያ ዓመት አልፏታል። ደንበኛ ትወዳለች፤ ጥያቄ ግን አትወድም። ስለ ትውልድ አገሯ የሚጠይቃትን ሁሉ የመንግሥት ሰው ይሆን እያለች ከእግሩ እስከ ራሱ ታየዋለች። መልሷም አንድ ነው፤ "ጎሮ ነው የተወለድኩት።"

ውሸቷን ነበር። ወላጆቿ በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከጎሮ ወደ ሶማሊያ ተሰደው እሷን የወለዷት እዚያው መጠለያ ውስጥ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቷ ሲመለሱ አባቷ፣ "ሶማሊያ ተወለድኩ ካልሽ መታወቂያ አታገኚም" አሏት። ከዚያ ወዲህ እውነቱን ለማንም አልተነፈሰችም።

ዘንድሮ ለዑምራ መካ ለመሄድ ፓስፖርት ልታወጣ ስትል የልደት ምስክር ወረቀት ተጠየቀች። የአባቷን ጎረቤት ኦቦ ጉቱን ለምስክርነት ይዛ ቀበሌ ሄደች። ሽማግሌው ብቻቸውን ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው አላማራትም።

"ምን አሏቸው?"

"የማውቀውን።"

ጁሀራ ገባች። ውስጥ፣ መዝጋቢዋ ረድኤት የጁሀራን መታወቂያ ፊቷ አስቀምጣለች።

"አደ ጁሀራ፣ የት ነው የተወለዱት?"

"እዚያው ላይ ተጽፏል።"

"እርስዎ ይንገሩኝ።"

ጁሀራ በሩን አየች። "ሶማሊያ" አለችና እንዳይወሰድባት መታወቂያዋን ላፍ አደረገች።

ረድኤት አልተቆጣችም። "ከእናት ከአባት አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ልጁ የትም ይወለድ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው። መታረም ያለበት ጎሮ የሚለው ነው። የእርማት ማመልከቻው ላይ ይፈርሙ።"

"ፈርሜ፣ ዋሽታለች ብላችሁ ብትከሱኝስ?"

"ይውሰዱና ለሚያምኑት ሰው ያስነብቡት።"

ወሰደችው። አንዴ ሮቤ፣ አንዴ ደግሞ ጎባ ድረስ ሄዳ፣ ለማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አስነበበች። ሁለቱም፣ ስለ እርማት እንጂ ስለ ክስ የሚል ነገር የለበትም አሏት። በሦስተኛው ቀን ፈረመች።

ከወር በኋላ ምስክር ወረቀቱ ደረሰ፤ የትውልድ ቦታ ሶማሊያ፣ ዜግነት ኢትዮጵያዊ። ማኅተሙን በመስኮቱ ብርሃን ደጋግማ አየችና ወር ሙሉ ወዳኮረፈቻቸው ኦቦ ጉቱ ሄደች።

"ለምን አጋለጡኝ?"

"እኔም እኮ እዚያው ነበርኩ፤ ስትወለጂ ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። ጎሮ ተወለደች ብዬ ብፈርም፣ የእኔ የስደት ዓመታት የት ይግቡ?"

ጁሀራ አጠገባቸው ተቀመጠች። ወላጆቿ ከሞቱ ወዲህ ስለዚያ መጠለያ ማንንም ጠይቃ አታውቅም ነበር። የሚሰማ ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብላ ቃኘች።

"ስወለድ ቤታችን ምን ይመስል ነበር?" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።