አስናቀና የሣህሉ ማተብ

ወንድሜ አስናቀ ካረፈ ወዲህ ሰው የሚያነሣልኝ የእጁን ሥራ ነው። እውነት ነው፤ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር በነበረው የጀልባ መጠገኛ ጋራዥ የቱቦ ማሳለፊያ ቀዳዳ እንደሱ አጥርቶ የሚያወጣ አልነበረም። ቀዳዳውን የሚያወጣበት መጋዝ በመሰርሰሪያ ራስ ላይ የሚገጠም፣ አፉ ዙሪያውን ጥርስ ያወጣ ኩባያ የሚመስል ነው። አስናቀ የሚበሳውን በሞርሳ አጥብቆ ሳያስር አይጀምርም። ብረት ሲሆን ዘይት እያንጠባጠበ፣ በዝግታ ይበሳል። ጣውላ ሲሆን የመካከሉ መውጊያ ጫፍ በወዲያ በኩል ብቅ እንዳለ ያቆምና ገልብጦ ከጀርባው ይጨርሰዋል፣ እንጨቱ እንዳይሰነጠር። ጓንት አያደርግም፤ የሚሽከረከር ነገር ጓንት ከያዘ እጅንም ይዞ ይሄዳልና።

ሣህሉ የሥራ ባልደረባውና የልብ ጓደኛው ነበር። ከሐይቁ ማዶ የደልጊ ቄስ ልጅ፣ ቀልደኛ። "አንተ አስናቀ፣ ከዚህ መጋዝ ጋር ልትቆርብ ነው እንዴ? ምነው እንዲህ ማባበል!" ይለው ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ክረምት ሣህሉ ጎንበስ ብሎ ላሜራ ሲበሳ ማተቡ ከነመስቀሉ ከሸሚዙ ወጥቶ መጋዙ አጠገብ ተንጠለጠለ። አስናቀ ዘሎ ማብሪያውን አጠፋና በድንጋጤ "ይህን ክር ካንገትህ አውጣ!" ብሎ ጮኸ።

አካሉ የሚባለው የጋራዡ ካድሬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አጨበጨበ።

"ጎበዝ ጓድ አስናቀ! የቄስ ልጅ የሚነቃው እንዲህ ነው! በል አውጣው እንጂ ጓድ ሣህሉ፣ ተባልህ እኮ።"

ሣህሉ ካድሬውን ዞሮም አላየው፤ አስናቀን አየ። አስናቀ "ስለ መጋዙ ነው ያልሁት፣ ሸሚዝህ ውስጥ ክተተው" ቢል ብቻ ይበቃ ነበር። ግን በዚያ ዓመት ሰው በትንሽ ነገር ተወስዶ ይቀር ነበር። አስናቀ የዘይት ጣሳውን አንሥቶ ወደ ሥራው ዞረ። ሣህሉ በማግስቱ አልመጣም፤ ወደ ደልጊ ተመልሶ ነበር።

አስናቀ ዓመት ሙሉ ሲብሰለሰል ኖረ። ካድሬው ሲቀየር፣ ሣህሉን ወደ ሥራው መልሶ ሊያመጣው አስቦ እኔን አስከትሎ ወደ ጎርጎራ በሚሻገረው ጀልባ ደልጊ ሄደ። ሣህሉ ዓሣ አስጠብሶ ተቀበለን። ማተቡ አንገቱ ላይ እንዳለ ነበር።

"ሣህሉ፣ ያን ቀን የጮህሁት ስለ መጋዙ ነው" አለ አስናቀ። "ክሩን ይዞ ፊትህን ወደ ጥርሱ እንዳይስበው ብዬ።"

"አውቄ ነበር እኮ።"

"አወቅህ?"

"መጋዙን ካንተ አይደል የተማርሁት? ያ ሰው ሲያጨበጭብ አንድ ቃል ትላለህ ብዬ ነው የጠበቅሁ።"

"ፈራሁ" አለ አስናቀ።

"እኔም ፈርቼ ነበር። በል ብላ፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል።"

አስናቀ ግን ሳይበላ፣ ይመለስ እንደሆነ ጠየቀው።

"አልችልም" አለ ሣህሉ። "ካንተ ጎን ስሠራ ዓይኔ ወዳንተ እየሄደ እጄን እቆርጠዋለሁ።" በክፋት አላለውም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር፣ በሩ ላይ ማንም ይቁም ማን፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ማተብህን ሸሚዝህ ውስጥ ክተት፣ ቁልፍህን ቆልፍ" ይል ነበር። ሣህሉ ግን አስናቀ ይህን ሲል ሰምቶት አያውቅም።