ጨነቅ ላይ የተጠራ ዋስ

ወደ ደባርቅ ስጓዝ ዳባት ላይ ምሳ ለመብላት ወረድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ስልክ ላይ አፍጥጠው ይከራከራሉ። «ቀዩ ያሸንፋል» ይላል አንዱ። «የሰማያዊው መሪ ይሻላል፤ ያኛው ሲስቅ ራሱ አያምርበትም» ይላል ሌላው። መጀመሪያ የእንግሊዝ ኳስ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ የእንግሊዝ ምርጫ ነው። መራጮች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ስለ ግብር፣ ስለ ሐኪም ቤት ወረፋ፣ ስለ መሪዎቻቸው ባሕርይ ይሟገታሉ።

«እናንተን ምን አገባችሁ?» አልኳቸው።

«ጋሼ፣ ዘና ብለው የሚከራከሩት በሰው አገር ምርጫ ነው እኮ» አለኝ አንደኛው፣ ዞር ዞር ብሎ ቤቱን ካየ በኋላ።

ሳቅሁ፤ ሽሮዬም ቀዘቀዘ። እኔም በእነሱ ዕድሜ የእንግሊዝ ምርጫ ክርክር ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን በስልክ አልነበረም፤ ከደባርቅ ወዲያ፣ ከደመና በላይ ባሉት የተራራ ማደሪያዎች፣ ሳንቃ በርና ጨነቅ ላይ ነው።

ጋዜጠኝነት ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ስለ ዋልያ ዘገባ እንድሠራ ተልኬ ደባርቅ ስደርስ፣ ወደ ተራራው ሊወጡ የተዘጋጁ አባትና ልጅ አገኘሁ። እነሱ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ፣ እኔ ጉዞ እፈልጋለሁ፤ ተስማማን። አባትየው ጆርጅ በግ አርቢ ነው፤ ጫማው ላይ የደረቀ ጭቃ ያለበት፣ ከወገቡ ጎንበስ ያለ ሽማግሌ። ልጁ ኤማ ነርስ ናት። እናቷ በዚያው ዓመት ሞታለች። ሴትዮዋ በሕይወት ሳለች ሦስቱም ራስ ዳሽንን አብረው ሊወጡ ተነጋግረው ስለነበር፣ የቀሩት ሁለቱ ያንን ሊፈጽሙ መምጣታቸው ነው። አብረውን የተጓዙት ጠመንጃ ያነገቡት እስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ አያ ጫኔና ባለበቅሎው ፈንታሁን ነበሩ።

ግንቦት እያለቀ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም ከገደሉ ሥር ይነሣና መንገዱን ይውጠዋል፤ ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች ቆመው የሚጠብቁን ሰዎች ይመስላሉ። ፈንታሁን በሶውን በጥብጦ ሲያቀርብ ኤማ ከሁላችንም በላይ ትጠጣለች። ማታ ማታ ግን ጆርጅ ይዞት የመጣውን ትንሽ ሬዲዮ ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ክርክሩ ይጀመራል።

«የአንቺ መሪ መስተዋት ፊት የሚለማመድ ሰው ነው» ይላታል። «ግብር አልጨምርም ብሎ ይጨምራል። በጎቼን አያውቃቸውም።»

«ያንተውስ? እኔ በሽተኛ ኮሪደር ላይ ሲያድር ነው የማየው። በጎችህ ከሰው ይበልጣሉ?»

እኔ በዝቅተኛ ድምፅ እተረጉማለሁ። ፈንታሁን እሳቱን እየቆሰቆሰ በአማርኛ፣ «አታምናቸው» አለኝ። «መሪያቸውን እንዲህ የሚሰድቡት በነፃ አይደለም። እኛ ደግሞ ስለ እኛው እንድንለፈልፍ ነው።»

«እኔ አልሰማሁም» አሉ አያ ጫኔ። «የመንግሥት ጠመንጃ ይዣለሁ፤ ጆሮዬም የመንግሥት ነው።»

የኔ ጥርጣሬ ሌላ ነበር። እንዲህ የሚንገበገቡ ሰዎች ምርጫው ሊደርስ ሲል ለምን አገራቸውን ጥለው መጡ? ኤማን ጠየቅኳት። ነገሩ ቀላል ነው አለችኝ፤ እሷ ቀዩን ፓርቲ፣ አባቷ ሰማያዊውን ስለሚመርጡ፣ የአንዱ ድምፅ የሌላውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ሁለቱም ላይመርጡ ተማምለው፣ የምርጫውን ሳምንት ለእናትየው ጉዞ አደረጉት። «እሱ ቃሉን ከጠበቀ ማለት ነው» ብላ ጨመረች፤ ዓይኗ ሬዲዮው ላይ ነበር። «በእኛ አገር ርቆ የሄደ ሰው በወኪልም ይመርጣል። የማይመርጥ ሰው እንዲህ ይጨነቃል?»

ጨነቅ ስንደርስ ነገሩ ፈነዳ። ጎህ እንደ ቀደደ ከድንኳኑ ስወጣ ኤማ ዕቃዋን ሸክፋ ጓዟ ላይ ተቀምጣለች። አባቷን ፊት ለፊት ጠይቃዋለች፤ እሱም በወኪልም አልመርጥም ብሏታል፤ አላመነችውም። ተራራውን ከውሸታም ጋር ከምወጣ እመለሳለሁ አለች። ለኔ ደግሞ ዝግ ብላ፣ «ከእናቴ በኋላ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። አሁን ካልታመነ ወደፊት በምን አምነዋለሁ?» አለችኝ።

ይህን ለአያ ጫኔ ተረጎምኩላቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ሲማማሉ ዋሳቸው ማን ነበር?» አሉ።

«ዋስ አልነበራቸውም።»

«ያለ ዋስ? የአባትና የልጅ ውል ያለ ዋስ?» ጠመንጃቸውን ከትከሻ አውርደው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ታዲያ ምን ያጣላቸዋል፣ ውሉ መች ታሰረና! አቶ ጊዮርጊስን ዋስህን ጥራ በለው።»

ጆርጅን እንደዚያ ነው የሚጠሩት። እሱም ሳቅ ብሎ፣ «ጎረቤቴ ይመሰክርልኛል» አለ።

«እንግሊዝ አገር የተቀመጠ ዋስ ለጨነቅ ምን ይበጃል? ዋስ እጁ የሚያዝ ሰው ነው» አሉ አያ ጫኔ። ከዚያ ማናችንም ያልጠበቅነውን አደረጉ። ተነሡ፣ ነጠላቸውን አደገደጉ፣ ኤማ ፊት ቆሙ። «እኔ ጫኔ ዋስ ነኝ። አባትሽ ዋሽቶ ከተገኘ ዕዳው በኔ ነው፤ የፈለግሽውን ትጠይቂኛለሽ። እኔም ነገ ታቦት ፊት ስቆም በዚህ እጠየቃለሁ።»

ፈንታሁን በእጁ አፉን ያዘ። ቃል በቃል ተረጎምኩ። ጆርጅ ሳቁ ጠፋ። ልጁን አላየም፤ አያ ጫኔን ነበር የሚያየው። «ይህ ሰው አያውቀኝም እኮ» አለኝ። «ምን ያጣል?» እኔም እዚህ አገር ዋስ የቆመለት ሰው ዋሽቶ ከተገኘ ከራሱ ይልቅ የሚዋረደው ዋሱ እንደሆነ ነገርኩት። በእጁ የያዘውን ሻይ አስቀመጠ። «ንገራቸው ይቀመጡ» አለ። «ዋሽቻለሁ። ለጎረቤቴ ውክልና ሰጥቼ መጥቻለሁ፤ በምርጫው ቀን ስለ እኔ ገብቶ ሰማያዊውን ይመርጣል።»

ኤማ አላለቀሰችም። ወደ አያ ጫኔ ዞረች። ዋስ ናቸውና እሳቸውን ጠየቀች፦ አባቷን ደባርቅ ይዘው ይውረዱ፤ ጎረቤቱ እንዳይመርጥ ስልክ ይደውል፤ ያን ጊዜ ተራራውን አብራው ትወጣለች። «ፍርድ ነው» አሉ አያ ጫኔ። ገብስ የጫነ መኪና ሲያልፍ አሳፍረውት ወረዱ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በካፊያ ተመለሱ። «ደወለ?» አልኳቸው ነጠል አድርጌ።

«ስልክ ቤት ገባ። እኔ ከመስተዋቱ ውጭ ቆሜያለሁ። እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ብዙ ተናገረ። ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

ለኤማ ይህንኑ ነገርኳት። በአምቢኮ መንደር አድርገን ራስ ዳሽንን ወጣን። ጫፉ ላይ አባትና ልጅ ተቃቅፈው ቆሙ፤ ፈንታሁን እንኳ ያን ዕለት ማንንም ሳይጠረጥር ዋለ።

ደባርቅ ስንመለስ ለመሥሪያ ቤቴ ልደውል ስልክ ቤት ገባሁ። መስመር የምታገናኘውን ልጅ፣ አንድ ነጭ ሽማግሌ መጥቶ እንደነበር ታስታውስ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ከነባለ ጠመንጃው? እንዴት እረሳዋለሁ! ያን ቀን የውጭ መስመር ተቋርጦ ነበር። በእጄ እንዲህ፣ ተቆርጧል፣ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ማውራቱን ቀጠለ። ብቻውን! ያበደ መስሎኝ ነበር።»

ያጣራሁትን ለባለጉዳዩ ሳልናገር አላድርም። ኤማን አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ አግኝቼ እንደሰማሁት ነገርኳት። አባቷ ባሻገር ከአያ ጫኔ ጋር ቆሎ እየቆረጠመ በምልክት ያወራል። ቆማ አየቻቸው።

«እሳቸው ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው ከአባቴ ጋር ያለኝ ነገር የኔ ነው። ለእሳቸው ግን ከዋስትናው ለቅቄዎታለሁ ብላለች በላቸው።» ከዚያ ሄዳ የአባቷን ጓዝ አነሣችለት። ያለችውን ስነግራቸው አያ ጫኔ ባርኔጣቸውን አንሥተው እጅ ነሷት።

ከዳባቱ ምሳ በኋላ ደባርቅ ስገባ አያ ጫኔን ፈልጌ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ስለ እንግሊዝ ምርጫ ወሬ ስጀምርላቸው እጄን ያዙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ዘመኔን ስጠብቅህ ነበር። ዋስ የሚለቀቅ በሁለት መንገድ ነው። የለቀቀችኝ እሱ ፈጽሞ ነው ወይስ እሷ ምራው?»

አልዋሸኋቸውም። «ምራው ነው።»

«ጠርጥሬ ነበር!» ጉልበታቸውን መቱ። «በስልክ ከሰው ጋር የሚያወራ ሰው ግድግዳ ያያል። እሱ ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም። ለመሆኑ ማን ነገሠ?»

«ቀዩ አሸነፈ። የልጅቷ ወገን።»

«ወይ አቶ ጊዮርጊስ! ለተሸናፊ ዋሸ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ብዙ መሪ ማይክሮፎን ፊት ሲምል ቀርጫለሁ፤ የተናገሩትንም ከሠሩት ጋር ማመሳከር እንጀራዬ ሆኗል። የጆርጅን ነገር ግን እስከ ዛሬ መጨረሻውን አላጣራሁም። የስልከኛዋን የእጅ ምልክት ተረድቶ ይሁን ሳይረዳ፣ ለተቆረጠ ስልክ ያን ያህል ምን ሲናገር እንደቆየ አላውቅም። አያ ጫኔ የሚያውቁ ይመስላቸዋል። እኔ የምመሰክረው ያየሁትን ብቻ ነው፤ ያየሁትም ኤማ ሁሉን ሰምታ የአባቷን ጓዝ ስትሸከም ነው።