ደፉ ላይ ያለ ብርጭቆ

የብረት ክኒኑን በዋጥሁ ቁጥር አፌ ውስጥ የዛገ ሚስማር ጣዕም ይቀራል። አራስ ነኝ፤ ደም አንሶሻል ተብያለሁ። እናቴንም አንሷት ነበር።

እስራኤል አገር መጥተን ቂርያት ጋት ከተማ በገባን በዓመቱ ታናሽ እህቴን ወለደች። የአራስ ጎጆ የሚቀለስበት ደጅ ስላልነበረን፣ የምንኖርበት ፎቅ በረንዳ ተለቀቀችላት። በወጋችን አራስ ቀኗ እስኪሞላ ማንም አይነካትም፤ ምግቧንም ክኒኗንም በበረንዳው በር ደፍ ላይ አስቀምጬ እመለስ ነበር።

አንድ ቀን ሳህኑን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ዓይኗ ጨለመባትና ሕፃኗ አጠገብ ዘጭ አለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ልሮጥ ስል አያቴ ክንዴን ያዙኝ።

«ተይ ልጄ፣ ቀኗ አልሞላም። ደም እንደ ምንጭ ውሃ ነው፤ ከቀዱት ወዲያ ቀስ ብሎ ይመለሳል» አሉኝ። መጥረጊያውን ግን አቀበሉኝ።

ውሃ የሞላ ብርጭቆ በመጥረጊያው እንጨት ገፋሁላት። እስክትጨርሰው ድረስ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። የክኒኑን ውሃ ይዛ መኝታ ቤቴ በር ላይ ቆመች።

«ግቢ እንጂ እማዬ፣ ልጅቷን እቀፊያት» አልኋት።

ጎንበስ ብላ ብርጭቆውን ደፉ ላይ አስቀመጠችው።

«ቀንሽ ይሙላ» አለችኝ።