በእግሩ የተመለሰ አስኳል

እናቴ ተቀምጣ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ምግቡን ታቀርብልንና ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ታየናለች። ከድስቱ በማንኪያ ትቀምሳለች፣ ጨው ታቀብላለች፣ ቧንቧው ይንጠባጠባል ብላ ትሄዳለች፣ ስትመለስ እኛ ጨርሰን ሳህኑን ታነሳለች። ጎረቤቶቻችን እንዝርት ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት፤ ደረጃውን ሽቅብ ቁልቁል ስትለው ሰምታ "ይቺ እንዝርት ዛሬም አላረፈችም" አለች አሉ። እናቴ ስሙ ሲደርሳት አልተቆጣችም። ጉቶ ከመባል ይሻላል አለች፤ ይህን ስትል ዓይኗ አባቴ ላይ ነበር።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሯል። ጡረታ ሲወጣ ከአንዱ መቀመጫ ወርዶ ሌላኛው ላይ ተቀመጠ፤ ልዩነቱ የሳሎኑ ወንበር መሪ የለውም። እሷ መጥረጊያ ይዛ በዙሪያው ስትዞር እሱ ተራ በተራ እግሩን ያነሳላታል፤ የቤት ሥራ ማገዝ ማለት ለእሱ ይኸው ነው። እነዚህን ሁለት ሰዎች ያገናኘው ማን እንደሆነ ባውቅ አንድ ቀን ሄጄ እጠይቀው ነበር። እኔ የእነሱው ልጅ ነኝ፣ ጫማ ቤት እሠራለሁ፣ ከሁለቱ የትኛውን እንደመሰልኩ ግን ለረጅም ጊዜ አላወቅኩም።

ጣጣው የጀመረው አባቴ ደረጃ ላይ ደረቱን ይዞ የቆመ ዕለት ነው። ሐኪሟ ከእኔም የምታንስ ልጅ ነበረች፣ ነገር ግን አነጋገሯ አያወላዳም። ደሙ ውስጥ ስብ በዝቷል፣ የልቡ የደም ሥር ጠቧል አለች። ቅቤ ይቅር፣ የእንቁላል አስኳል ይቅርና ነጩን ብቻ ይብሉ፣ በየማታው ግማሽ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ፣ ከሦስት ወር በኋላ ደምዎን እንደገና እናየዋለን አለችው። "ያኔ ካልቀነሰ አባባ፣ ልብዎ አይጠብቀንም።" አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ግን ቆማ ነበር፣ ወንበር ሲሰጧትም አልተቀመጠችም።

እናቴ ፈርታ ነበር። ታላቅ ወንድሟ የሞተው ገበታ ላይ ነው፣ ማንኪያው ከእጁ ሳይወርድ፤ ያኔ እኔ አልተወለድኩም። ስለ እሱ ብዙ አታወራም። ሰው ሲፈራ እግሩ ይተሳሰራል ይባላል እንጂ የእሷ እግር ግን ሩጫው ባሰበት። ስለ አባቴ ልብ ለማንም እንዳንናገርም አስጠነቀቀችን። ሰው በር ላይ ቆሞ ከንፈሩን እንዲመጥጥልኝ አልፈልግም አለች። ብንናገር ኖሮ ይህ የማወራው ነገር አይኖርም ነበር።

አባቴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሦስት እንቁላል ካልበላ ቀኑ አይነጋለትም። ወርቃማውን አስኳል በዳቦ ጠርዝ ሰንጥቆ፣ ዳቦውን አጥቅሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚበላው። አሁን ነጩ ለእሱ ሲጠበስ ሦስት አስኳል ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቁጭ ብሎ እናቴን ያያታል። እናቴ በሕይወቷ የጣለችው ነገር የለም። የተቀዳደደ ሸሚዝ ቁልፉ ይቆረጣል፣ የዕቃ መጠቅለያ ክር ይጠቀለላል፣ የደረቀ ዳቦ ተፈጭቶ ይቀመጣል። ጣይው፣ ምን ችግር አለው ብላት፣ አባቴን ጣይው ያልኳት ይመስል አየችኝ።

"አስኳል ማለት እኮ ዋናው ነገር ማለት ነው" አለችኝ። "ሰው የነገሩን አስኳል ጥሎ ዳር ዳሩን ይበላል?"

ክፋቱ አስኳል አይጠብቅም። ለብቻው ከቀረ ወዲያው ፊቱ ላይ ቆዳ ያበጃል፣ ቆዳ ካበጀ በኋላ ከምንም ጋር አይዋሃድም። ላዩ ላይ ቀስ ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈስበታል፣ ፍሪጅ ይገባል፣ ያውም ቢበዛ ለሁለት ቀን ነው። በየጠዋቱ ደግሞ አዲስ ሦስት ይጨመራል። እናቴ ድሮም ዕረፍት አልነበራትም፣ አሁን ግን ከኋላዋ የሚያባርራት ነገር አገኘች። ብስኩት ጋገረች። ከወተትና ከስኳር ጋር በለስላሳ እሳት እያማሰለች ክሬም ሠራች። ማዮኔዝ መታች። ሊጥ አቡክታ፣ በጠርሙስ ዳምጣ፣ ፓስታ ቆርጣ በወንበር መደገፊያ ላይ አሰጣችው፤ ከሥራ ስገባ ቤቱ ልብስ የታጠበበት ይመስል ነበር። አንድ ቅዳሜ ሁለት አስኳል ተርፎ ፀጉሬ ላይ ቀባችው። ሰኞ ጫማ የምለካለት ደንበኛ ዶሮ የገባች መስሎት ወንበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ አየ።

የተሠራው ነገር ታዲያ ቤት ውስጥ አይውልም፤ አባቴ እንዳይሸተው ገና ትኩሱን በቆርቆሮ ተደርጎ ይወጣል። ልብስ ሰፊዋ ጋ ብስኩት፣ ከሕንፃው ሥር ላለው ፀጉር አስተካካይ ክሬም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያለች ትወርዳለች፣ ባዶ ቆርቆሮና ሙሉ ምርቃት ይዛ ትወጣለች። ያን ሰሞን ደስ ብሏት ነበር ብል አልዋሸሁም። ምንም አልተጣለም፣ አባቴም ነጩን ብቻ እየበላ ነው፣ ሁለቱም በአንድ እጅ ተያዘላት።

አባቴም ታዛዥ ሆነ፣ ይህ ሊያጠራጥረን ይገባ ነበር። ከሥራ ቦታዬ ለስላሳ የመሄጃ ጫማ አመጣሁለት። በየማታው ገመዱን አጥብቆ ያስራል፣ "መንገድ ልጀምር" ይላል ድሮ አውቶቡሱን ሲያስነሳ እንደሚለው፣ ይወጣል። ሲመለስ ፊቱ በርቶ፣ ተጫዋች ሆኖ ነው። እናቴ አየሽ ትለኛለች፣ አየር ምን እንደሚያደርግ። አንድ ጠዋት ነጩን በሹካ ወዲያ ወዲህ እያደረገ፣ በዚህ ሕንፃ እንደ ልብስ ሰፊዋ ደግ ሰው የለም አለ ሳይጠየቅ። አባቴ ባይሆን ኖሮ ውሻ በበላበት ይጮኻል ብዬ እተርት ነበር።

ሦስቱ ወር ሲሞላ ደሙ ታየ። አልቀነሰም፤ ጨምሯል። ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ ምን እንደሚበላ ጠየቀች። እናቴ ከቁርስ እስከ እራት አንድም ሳትዘነጋ ዘረዘረችላት። ሐኪሟ አባቴን አየችው። አባቴ ጫማውን አየ። የሚቀጥለው እርምጃ ደረት መክፈት ሊሆን ይችላል አለች ሐኪሟ፣ ዕድል ከሰጠን።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ቤት አልነበረም። እናቴ ዘይቱን አውጥታ ሰጠች፣ መጥበሻውን በአሸዋ ፈተገችው፣ ምናልባት ከመጥበሻው ይሆናል ብላ። ጨውን ደበቀች። ነጩን ያለ ዘይት በውሃ ትቀቅለው ጀመር፣ የተቀቀለ ሳሙና መሰለ። አባቴ ሲተነፍስ ታዳምጣለች፣ ሲያስነጥስ ትሮጣለች፣ እጄ አመድ አፋሽ ነው፣ የነካሁት አይባረክም እያለች ወጥ ቤት ውስጥ ታለቅሳለች፣ እያለቀሰችም አስኳል ትመታለች። እኔም አልቀረልኝም። ጫማ ቤት ውስጥ ስልክ ሲጠራ ለሰው ግራና ግራ ጫማ እሰጣለሁ። ተናድጄም ነበር፣ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ጫማ እጠርጋለሁ፤ አባቴ ያን ቀን ሌላ ጫማ አድርጎ ወጥቷል። የመሄጃ ጫማውን ሳነሳ እንደ ልማዴ ገልብጬ ሶሉን አየሁት። ሶል አይዋሽም። ሦስት ወር በየማታው የሄደ ሰው ተረከዙ በአንድ በኩል ይበላል፣ ጣቱ ሥር ያለው መስመር ይጠፋል። ይኸኛው ከካርቶን እንደወጣ ነው፣ የዋጋው ወረቀት የነበረበት ሙጫ እንኳ ከመሃሉ አልለቀቀም። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ብዬ ወጥ ቤት ይዤው ገባሁና ለእናቴ አሳየኋት።

እጇን በፎጣ ጠረገች። ጫማውን ተቀበለችኝ፣ አገላበጠችው፣ ይዛው ወጣች። ተከትያት ደረጃውን ወረድኩ። ሩቅ አልሄድንም።

የልብስ ሰፊዋ በር ገርበብ ብሎ ነበር፣ የአባቴ ሳቅ ከውስጥ ይሰማል። አባቴ በስፌት መኪናውና በጨርቅ ክምሩ መካከል ተመቻችቶ ተቀምጧል፣ ፀጉር አስተካካዩ አጠገቡ ነው፣ የአባቴ ጉልበት ላይ ሳህን አለ፣ ጢሙ ላይ የብስኩት ፍርፋሪ። የክሬሙ ብርጭቆ ተጠርጎ አልቋል። ሦስቱም ይስቁ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እናቴን ስታይ ፊቷ ፈካ።

"እትዬ፣ ግቢ እንጂ" አለቻት። "እኛማ በየማታው ለጋሼ ነው የምናስቀምጥለት፤ ካንቺ እጅ ሌላ አይጥመውም።"

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አበው፤ ሰውን ትዕግሥት ለማስተማር ነው። የእኛው ግን ጫጩት ሳይሆን እግር አበቀለ። እናቴ ጠዋት ከአባቴ ሳህን ያወጣችው አስኳል፣ ብስኩት ሆኖ አንድ ፎቅ ወርዶ፣ ማታ አባቴ ሆድ ገባ። ሦስት ወር ሙሉ በገዛ እጇ፣ ያውም ስኳርና ቅቤ ጨምራበት። ልብስ ሰፊዋ ምን ታውቃለች፤ የእኛን ሰው ልብ መታመም የነገራት የለም። እናቴ ጫማውን ቀስ ብላ አባቴ እግር ሥር አስቀመጠችውና ዞራ ወጣች።

አባቴ ቤት ሲገባ እሷ ወጥ ቤት መካከል ቆማ ነበር፣ እጇ ባዶ። ባዶ እጇን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

"በገዛ እጄ ልትሞትብኝ ነው?" አለችው።

አባቴ በሩን ተደገፈ። ይቅርታ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"መጀመሪያ ቀን ስቀምሰው ያንቺ እጅ መሆኑን አወቅኩ" አለ። "መተው ነበረብኝ፣ አልክድም። ግን አስኳሉ አይደለም የወሰደኝ። እዚህ ሳህኑን ታስቀምጪልኝና ትሄጃለሽ። እዚያ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ይበላል። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን አብረሽኝ በልተሽ ታውቂያለሽ?"

የምትጮኽ መስሎኝ ነበር። አልጮኸችም።

"ወንድሜ ሲወድቅ አጠገቡ ተቀምጬ እየበላሁ ነበር" አለች። "እስክነሳ አልደረስኩለትም። አንተም ብትወድቅ ከተቀመጥኩ አልደርስልህም ብዬ ነው።"

ይህን አባቴም አያውቅም ነበር። ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። እኔ ልጃቸው የገረመኝን ልናገር፤ ሁለቱም እየተፈላለጉ አንዱ ቆሞ አንዱ ተቀምጦ አረጁ። አልቅሼ ነበር፣ ግን የሚያየኝ ሰው አልነበረም፣ እርስ በርሳቸው ነበር የሚተያዩት። ያን ማታውኑ እናቴ ወርዳ ለልብስ ሰፊዋ እውነቱን ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ የቀረውን ብስኩት እንደያዘች ደንግጣ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እኔ ነኝ ስትል ደረጃው ላይ ይሰማ ነበር፤ እናቴ አልሞተም፣ ቁጭ ብሏል ብላ አረጋግታት መጣች።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ እንደ ወትሮዋ እንቁላሎቹን ሰበረች። አስኳሉን ከቅርፊት ወደ ቅርፊት እያገላበጠች ነጩን ለየች። አስኳሎቹን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አኖረቻቸው። ነጩን ጠብሳ ለሁለት ሳህን ከፈለችው፣ አንዱን አባቴ ፊት አስቀመጠች፣ ወንበር ሳበች፣ ተቀመጠች። አባቴ ሹካውን እንዳነሳ ቀረ።

ትንሽ ቆርሳ አላመጠች። ፊቷ ተጨማደደ።

"ይሄን ነው የማበላህ?" አለችው።

አባቴ ሳቀ፤ ደረቱን ይዞ ሳቀ፣ እሷም ለመነሳት ጠረጴዛውን ይዛ ነበር፣ ሳቅ መሆኑን አይታ ተመልሳ ተቀመጠች። ጉልበቷ ከጠረጴዛው በታች ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆዎቹ ይንቃጨላሉ። ቧንቧው ይንጠባጠባል። ዓይኗ በየመካከሉ ወደ ጎድጓዳው ሳህን ይሄዳል፤ ውሃ አልፈሰሰበትም፣ አልተከደነም። ይመለሳል፣ አባቴ ላይ ያርፋል፣ እንደገና ይሄዳል። አልተነሳችም።

እኔ ግን ሳላውቀው ተነስቼ ነበር። እጄ ቧንቧው ላይ ደርሶ ውሃ ልቀዳ ስል ነው ለራሴ የታወቀኝ።

"ተይው" አለችኝ እናቴ። "ነይ ቁጭ በይ።"

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አስኳሉ እያየነው ቆዳ አበጀ።