አባዬ ያወለቀው ጋቢ

ኮተቤ ስማር፣ የእግር ጉዞ ክብደት ይቀንስ እንደሆነ ለመመረቂያ ጽሑፌ ላጠና ብዬ ጎረቤቶቼን ሚዛን ላይ አወጣኋቸው። ከአባቴ ጋር አሥራ ሁለት ነበሩ። መጀመሪያ እመዝናቸዋለሁ፤ በየቅዳሜው ጠዋት እንጦጦ ራጉኤል ድረስ በእግር እንወጣለን፤ ከሁለት ወር በኋላ ደግሜ እመዝናለሁ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሰው የፊትና የኋላ ኪሎ አስተያይቼ፣ ልዩነቱ የእውነት ይሁን የአጋጣሚ በስታቲስቲክስ አጣራለሁ።

ወይ ያ ዳገት! አባዬ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነበር። ባሕር ዛፍ ሥር ቆም ይልና «ሞተሩ ግሏል፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ» ሲል ሁላችንም እንስቃለን። እነዚያ ቅዳሜዎች እንዴት እንደሚናፍቁኝ!

ሁለት ወሩ ሲያልቅ መዘንኩ። አንድም ሰው ሳይቀር ቀንሷል! ኮምፒውተሩም ልዩነቱ የአጋጣሚ አይደለም አለ። አማካሪዬ «ጎሽ!» አሉኝ። እየከነፍኩ ቤት ገብቼ ለአባዬ ነገርኩት።

«ታዲያስ! እኔማ ጋቢዬንም አውልቄልሻለሁ» አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

«ምን አልክ?»

ለካ ጉዱ ወዲህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ብርድ ስለነበር ከነጋቢያቸው፣ ከነካፖርታቸው፣ ከነጫማቸው ነው የመዘንኳቸው። እኔ ጅሏ ታላላቆቼን አውልቁ ማለት አፈርኩ። በኋለኛው ቀን ግን «ልጃችን ትውደቅ እንዴ?» ብለው ተመካክረው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ጫማቸውን በር ላይ ጥለው ነበር የመጡት፤ እኔ ዓይኔ ቁጥሩ ላይ ስለነበር ልብ አላልኩም።

በገንኩ። «ገደልከኝ እኮ! ማጭበርበር ነው ይሄ!» ብዬ ጮህኩበት። ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ።

ምርቃቴ ሊቀር ይችላል ብዬ እየፈራሁ በማግሥቱ ለአማካሪዬ እውነቱን ነገርኳቸው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይልቅ የለበሱትን መዝነሽ ቀንሺ» አሉኝ። ሚዛኔን ተሸክሜ በየቤቱ ዞርኩ፤ ጫማና ካፖርት መዘንኩ። የአባዬ ጋቢ ሁለት ኪሎ ሆነ። ሁሉም ሲቀነስ ያ ሁሉ ልዩነት ድራሹ ጠፋ። «የሚታመን ለውጥ አልተገኘም» ብዬ ጽፌ ተመረቅኩ። አባዬ በምርቃቴ ቀን ከሁሉም በላይ አጨበጨበ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩትም፤ ነገ ዛሬ ስል ቀረ።

ካረፈ ወዲህ ጋቢው እኔ ጋ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ ያው ሁለት ኪሎ። ለብሼው ዳገቱን ወጣሁ። ባሕር ዛፉ ሥር ስደርስ ደከመኝና «ሞተሩ ግሏል» አልኩ። የሚስቅልኝ ሰው አጣሁ።