ከሚዜው እጅ የመጣ ምድጃ

ጋሮምሳ በየጠዋቱ የምድጃ ጥገና ሱቁን ከፍቶ ከመቀመጡ በፊት የኤሌክትሪክ መፈተሻውን፣ የቴስተሩን፣ ሁለት ጫፎች ያነካካል። ጢጥ ካለ መሣሪያው ደህና ነው፤ ካላለ ቀኑን ሙሉ ሲዋሸው ይውላል። ስቶቬ አልሞቅ አለኝ ብሎ የሚጠራው ሰው ቤትም ሥራውን የሚጀምረው በጥርጣሬ ነው። ሶኬቱን ይነቅላል፤ ማዞሪያውን ያያል፤ የገመዶቹን ጫፍ ያያል፤ ድስት የሚቀመጥበትን ማሞቂያ ብረት የሚወነጅለው ሌላው ሁሉ ነጻ ከወጣ በኋላ ነው። ተቃጥሎ ያገኘውን ብረት ደግሞ ጠርዙ ላይ በሞረድ ሁለት ጭረት ያበጅለታል፤ በስህተት ተመልሶ ሰው ቤት እንዳይገባ።

ሳይፈትሽ የሚገጥመው ዕቃ ቢኖር የምንተስኖት ብቻ ነበር። ምንተስኖት የሱቁ ሸሪክ ነው፤ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ የሚያመጣው እሱ ነው። ጋሮምሳ ከሁሩታ ሙሽራውን ይዞ አዳማ ሲገባም አንደኛ ሚዜው እሱ ነበር። ሚዜ በእጁ ባቀበለው ዕቃ ላይ፣ ያውም እፊቱ፣ ቴስተር መደቀን ለጋሮምሳ ከስድብ የከፋ ነውር ነው።

አዴ ዙህራ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ምሳ የምታበስል ሴት ናት። በቅርቡ ብረቱን የቀየረላት ምድጃ ለብ ከማለት አላልፍ ቢላት አስጠራችው። ሲደርስ ወጡ ሳይንተከተክ ተኝቷል፤ ደንበኞቿም ወደ ጎረቤት እየታጠፉ ነው። ጋሮምሳ እንደ ልማዱ ማዞሪያውንና ገመዱን ነጻ አወጣ። ብረቱን ፈትቶ ሲለካው በውስጡ ካሉት ሦስት ሽቦዎች ሁለቱ ተቆርጠዋል። ምንተስኖት አዲስ ነው ብሎ ያቀበለው ብረት እንዲህ ቶሎ መሞት አልነበረበትም። ጠርዙን በካቻቢቴ ፋቅ ቢያደርገው ጥቁሩ ቀለም ተላጠና ሁለት የሞረድ ጭረት ብቅ አለ።

ብረቱን እንደያዘ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«አዴ ዙህራ፣ ይሄ አሮጌ ነው።»

«ማን ገጠመው?»

«እኔ። አሮጌ መሆኑን ግን አላወቅኩም።»

ጭረቱ የማን እንደሆነ ጠየቀችው። የራሱ መሆኑን ነገራት።

ሴትዮዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ድስቱን ወደ ከሰሉ እያዛወረች፣ ሚዜው ትናንት እዚያው ቤት ምሳ ሲበላ ስለ ምድጃው እንዳጫወታት ነገረችው። እሱ ያቀበለው አዲስ ብረት ነበር፤ አዲሱን የት እንዳደረሰው ጋሮምሳን ይጠይቁት ብሏት ነበር።

«እኔ ደግሞ ተሟገትኩልህ» አለች። «የዘንድሮ ሌባ ለካ ፈርሞ ነው የሚሰርቀው።»

ጋሮምሳ ገበያ ወጥቶ አዲስ ብረት በራሱ ገንዘብ ገዛ፤ ገጠመው፤ ሦስቱንም ሽቦ እፊቷ ለካ። እሷ ዞር ብላ አላየችም።

ሱቁ ሲደርስ ምንተስኖት ነፋሱ አቧራ እንዳያስገባበት ደጃፉን ውሃ እየረጨ ነበር። ጋሮምሳ ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ምንተስኖት ጭረቱን አየ፤ አሮጌውን ቀለም ቀብቶ ያቀበለው እሱ መሆኑን አልካደም።

«እኔን ሰው አያምነኝም» አለ። «አንተን ግን ከተማው በሙሉ ያምንሃል። አንድ ጊዜ ብትታማ ምን ይጎድልብሃል? ሚዜ አይደለን? ትችለዋለህ ብዬ ነው።»

ጋሮምሳ ስንት ሰው ቤት እንዲህ ያለውን እንዳስገጠመው ጠየቀው። ምንተስኖት ባልዲውን ይዞ ወደ ደጅ ተመለሰ።

በዚያ ሳምንት ጋሮምሳ የሠራባቸውን ቤቶች እየዞረ ምድጃቸውን ልፈትሽ አለ። አንዳንዶቹ አስገቡት። የቀሩት ወሬው ቀድሞት ስለደረሰ በር ላይ መለሱት፤ ከነዚህ አንዷ፣ ገላኔ የምትባል የረጅም ጊዜ ደንበኛው፣ በሌላ ሰው አሠርቻለሁ አለችው፤ የጠራችውም ምንተስኖትን ነበር።

ጋሮምሳ ከአዳማ ወጣ ብላ ባለችው ደራ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ከሰኞ ጀምሮ የሚሠራው እዚያ ነው፤ የአዳማው ሱቅ ለምንተስኖት ይቀራል።