ከጀርባ የሚታሰረው ቀሚስ

ቨርና ማክአልፓይን ሴንት ሎረንስ ወንዝ ዳር ባለው የድሮ መንደር ሙዚየም አስራ ዘጠኝ በጋ ገረድ ሆና ሠርታለች። ሥራው የድሮ ሰው ልብስ ለብሶ የድሮ ሰው ሆኖ መዋል ነው። አንጥረኛው የእውነት ብረት ይቀጠቅጣል፤ ቨርና የእውነት ወለል ትፈገፍጋለች፤ ጎብኚው ከገመዱ ወዲያ ቆሞ አይስክሬሙን እየላሰ ያያታል። ለይምሰል ብትፈገፍግም የሚቆጣት አልነበረም። ግን ወለሉ የእውነት ይቆሽሻል፤ ምን ታድርግ?

ልብሷ ሻካራ ሱፍ ነው፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይቀራል፣ ከፊት በክር ይታሰራል። ገረድ ጭቃ ውስጥ ስለምትገባ አጭር፣ የሚያለብሳት ስለሌለ ከፊት። የእመቤቲቱ ቀሚስ ግን ሐር ነው። ጫፉ መሬት ይጠርጋል፣ ክሩም ከጀርባ ነው፤ ሌላ ሰው ካላሰረው አይለበስም፣ ሌላ ሰው ካልፈታው አይወልቅም። የልብስ ክፍሏ ኃላፊ ፊሊስ ደግሞ ዚፕ የሚባል ነገር ሲነሳባት ያማታል።

ልብስም ልብስ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ምሳ ሰዓት ላይ ሐር የለበሰ ወንበር ላይ፣ ሱፍ የለበሰ ሣር ላይ ይቀመጣል። ትእዛዙ የፊሊስ ነው፤ ለጨርቁ አዝና እንጂ ለሰው አዳልታ አይደለም። ቢሆንም ከጊዜ ብዛት ወንበሩ ከወንበር፣ ሣሩም ከሣር ጋር ብቻ ማውራት ለመደ። እመቤት የምትሆነው ኦድሪ ድሮ ፖስታ ቤት ቴምብር ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ሳንድዊቿን እየገመጠች «ቨርና፣ ውሃ ታቀብዪኛለሽ?» ስትል ቨርና ከሣሩ ትነሳለች። ሁለቱም ልብ አይሉትም።

ዘንድሮ ግን የቨርና ጉልበት እምቢ አለ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ተንበርክከሽ የምትሠሪ ከሆነ እኔ ዘንድ አትምጪ» ብሏታል። ተቀምጣ የምትሠራው ካልተገኘ ሙዚየሙን መሰናበቷ ነው፤ በዚያች ትንሽ ከተማ ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ማን ይቀጥራታል? ያን ሰሞን ሳሎን ተቀምጣ የምትውለው ኦድሪ በቃኝ ብላ ለቀቀች። ቨርና ፊሊስ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ሳሎን መቀመጥ እፈልጋለሁ።»

«አንቺ? እመቤት?» ፊሊስ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «እጅሽስ?»

«ጓንት የለም እንዴ?»

«ድምፅሽስ? ስታወሪ እኮ ከብት የምትነጂ ነው የሚመስለው።»

«ዝም ብዬ እቀመጣለኋ! ፊሊስ፣ ደክሞኛል። ሌላ ምን ልበልሽ?»

ፊሊስ ሜትሯን አንስታ ወገቧን ትለካት ጀመር።

የመጀመሪያው ቀን አርብ ዋለ። አዲሷ ገረድ ቴሳ ጠዋት ክሩን ጥርቅም አድርጋ አሰረችላት። የጠጡበትን ኩባያ እጇ ላይ ጥለው ያልፉ የነበሩት ዓይነት ጎብኚዎች ዛሬ ባርኔጣቸውን አነሱላት። ቀሚሱ ጎድኗን ሰንጎ ቢይዛትም ጉልበቷ አላመማትም። ሊያስለቅሳት ደረሰ።

ሙዚየሙ ሲዘጋ የገረድ መጥሪያ ደወሏን ብትነካ ቴሳ የለችም፤ ሰዓቷ ሲደርስ አውቶቡሷን ይዛ ሄዳለች፤ ደግ አደረገች። ፊሊስም አርብ አርብ ቀደም ብላ ነው የምትወጣው። ቨርና እጇን ወደ ኋላ ሰደደች። እጅጌው ትከሻው ላይ ጠባብ ስለሆነ ክንዷ ወገቧ ጋ ቀረ፤ ቋጠሮውን በጣቷ ጫፍ እንኳ አልደረሰችበትም። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ቤቷ ብትገባም የሚፈታላት የለም። ሐሩን በሁለት እጇ ሰብስባ በድልድዩ በኩል ወደ ኦድሪ ቤት አዘገመች።

«ሠረገላው ተበላሸ እንዴ፣ ልዕልቴ?» አላት አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር።

«ፈረሱ ጠፍቶብኝ ነው፤ አንተ ነህ መሰለኝ!»

ኦድሪ በሩን ከፍታ ስታያት በሳቅ ፈረሰች።

«እመቤቴ፣ እባክሽ ፍቺኝ» አለች ቨርና ጀርባዋን ሰጥታ።

ኦድሪ መነጽሯን አድርጋ ክሩን ነካካችው። ሳበችው፤ ይባስ ጠበቀ።

«በየት በኩል ነው የሚፈታው?»

«ይህን ሁሉ ዘመን ለብሰሽው?»

«ከኋላዬ ነበራ! አንድም ቀን አይቼው አላውቅ።»

ቨርና ግድግዳውን ተደግፋ ነገረቻት። ከታች ጀምሪ፣ የግራውን ሳቢ፣ ቀስ። ክሩ መላላት ጀመረ። መሃል ላይ የኦድሪ እጅ ቆመ።

«ቆይ እስቲ። ያኔ እኔን ፈትተሽ እስክትጨርሺ አውቶቡሱስ?»

«ይሄዳል።»

«ታዲያ በምን ትገቢ ነበር?»

«በእግሬ።»

ኦድሪ መኪናዋን ይዛ ስታልፍ መንገድ ላይ ታያት ነበር፤ ባየቻት ቁጥር ጥሩምባ ትነፋላታለች፣ ቨርናም እጇን ታወዛውዛለች።

«እኔ እኮ» አለች ድምፅዋ ቀጥኖ፣ «ለጤናሽ የምትራመጂ ይመስለኝ ነበር።»

ቨርና ግንባሯን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«ፍቺኝ በይ፣ ኦድሪ» አለች። «ደክሞኛል።»